የያህያ እናት

ልጄ የተወለደው መስከረም አንድ ቀን ነው። በእኛ በመንዝ ያን ቀን ለተወለደ ወንድ ልጅ ስም ፍለጋ የሚቸገር የለም፤ ቀኑ ራሱ ዮሐንስ ነው የሚባለው። ከተማ ያሉ ሰዎች እንቁጣጣሽ ይላሉ፣ አዲስ ዓመት ይላሉ። እኛ «ከዮሐንስ በፊት አጥሩን ጠግን»፣ «ለዮሐንስ ያሰብሽው በግ የታለ» እንላለን። ቀኑ ሲደርስም ሰው ከመንገድ እንደ ገባ ሁሉ «ዮሐንስ ገባ» እንላለን። አማቴ የአባታቸው ስም እንዲነሣ ፈልገው ነበርና ጥቂት ቅር አላቸው። ባሌ ግን ልጁ ስሙን ራሱ መርጦ እንደ መጣ፣ አሁን ብንቀይርበት ተቀይሞ እንደሚመለስ ነገራቸውና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከእሱ በፊት የወለድኋቸው ሁለት ወንዶች አላደጉልኝም። የቀረችልኝ አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። ስለዚህ ይመለሳል የሚለው ቃል በቀልድም ቢሆን አይመቸኝም ነበር።

ጠባዬ እንዲህ ነው። ልጁ ወንዝ ሲሻገር እቤት ቁጭ ብዬ የእኔ እግር የረጠበ ይመስለኛል። ስሙን እንኳ ስጽፍ እጠነቀቃለሁ። ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቢሆንም ዮሐንስ በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ሲገባ በሀሌታው ሀ ጽፈውት አየሁና እንዲያስተካክሉልኝ ጠየቅሁ። መምህሩ ሲጠራ ያው ነው፣ ልዩነቱን ጆሮ አይሰማውም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን የሌላ ሰው ልጅ የሚጠሩብኝ መሰለኝ፤ እስኪያርሙልኝ ድረስ ከበሩ ላይ አልሄድሁም።

ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ክፍል ሳለ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ጆን እያለ ይጠራው ጀመር። ጓደኞቹ ቀለዱበት፤ እሱ ግን ደስ ብሎት መጣ። እኔ የበግ ጠጉር እየፈተልሁ ነበር፤ ፈትሉን ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩት እሸጣለሁ። አጠገቤ ተቀምጦ «እማዬ፣ እኔ እኮ ብዙ ነኝ» አለኝ። እንግሊዞች ጆን ይሉታል፣ ጣሊያኖች ጆቫኒ፣ ፈረንሳዮች ዣን፣ ሩሲያኖች ኢቫን፣ ጀርመኖች ሃንስ፣ የስፔን ሰዎች ሁዋን። አስተማሪው ነው የነገራቸው። እኔ ሁዋን ከዮሐንስ ጋር በምን እንደሚዛመድ ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም ነበር። አባቱ ከደጅ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ ያ ጆቫኒ የተባለው ጣሊያን ከእኛ ገብስ ማሳ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሊያስረዳው ሞከረ። ባሌም በመጨረሻ ኢቫንም ይሁን ሃንስ ነገ ጠዋት አረም አለበት አለና ተነሣ።

ነገሩ ከእኔ ጭንቅላት አልወጣም። አንድ ስም ይህን ያህል አገር ሲዞር እንዴት ሳይጠፋ ቀረ ብዬ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ዕብራውያኑ ዮሐናን ይሉት እንደ ነበር፣ ግሪኮች ሲቀበሉት መጨረሻውን በራሳቸው ቋንቋ ልማድ በ«ስ» እንደ ቋጩት፣ የእኛ ግዕዝም ከግሪኮቹ ስለ ወሰደው «ስ» አብራ እንደ መጣች ነገሩኝ። የቀሩት አገሮች እንደየአፋቸው ቆረጡት። አንዳንዱ ራሱን ጣለ፣ አንዳንዱ ጅራቱን። ሃንስ ያሉት ራሱን የጣሉት ናቸው፣ ጆን ያሉት ጅራቱን። ይህን ሲሉ በመቋሚያቸው መሬቱ ላይ በግ የሚያርዱ ይመስል ከዚህና ከዚያ አመለከቱኝ። ትርጉሙንም ፍሥሐ ወሐሴት ነው አሉኝ፣ ደስታ ማለት። አስተማሪው ደግሞ እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ነው ብሎ ነበር። ሁለቱን አላጣላሁም፤ ሁለቱንም ያዝሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ቶሎ ሄደ። ባሌ ታሞ ሞተ። ሴት ልጄ ዓለም ከተማ አግብታ ሄደች፤ መንገዱ ክፉ ነውና በዓመት አንድ ጊዜ ብትመጣ ነው። ዮሐንስ አሥረኛን ጨረሰ፤ ነጥብ አልመጣለትም። መሬቱ ቀድሞ ተደልድሎ ነበርና ለወጣት የሚተርፍ አልነበረም። በማኅበር ተደራጁ ተባሉ፤ ተደራጀ። ማኅበሩ ስብሰባ እንጂ ሥራ አልነበረውም። ማታ ማታ እሳቱን ትክ ብሎ ማየት አበዛ፤ እኔም ምን እንደሚያስብ ገብቶኝ እንዳልገባኝ ሆንሁ። ቆላ ወርዶ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ የሚያደርስ መንገድ እንዳለ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ከባሕሩ ወዲያ ዓረብ አገር ነው።

የሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ሰሞን ቀየት፣ ገበያ በምንወጣባት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ባለ ሱቅ ሽቦ የሌለው የጠረጴዛ ስልክ አስገብቶ ነበር፤ ዮሐንስ የሱቁን ቁጥር በቃሉ ያዘ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ጋቢውን ለእኔ ተወልኝ፤ ቆላ ሙቀት ነው አለ። ከዚያ ጉንጬን ሳመና «በዮሐንስ እደውልልሻለሁ» አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ያን ቃል ይዤ ተቀመጥሁ። ሐምሌ ዝናቡ ሲወርድ ባሕር ላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ወንዝ ነውና የሞላ ወንዝ አድርጌ ነው የማስበው፣ ወዲያ ማዶው የማይታይ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ልጆቻቸውን በሕገ ወጥ መንገድ የላኩ ወላጆች ይጠየቃሉ ሲባል ሰማሁ። ስለዚህ የጠየቀኝን ሁሉ ዮሐንስ ዓለም ከተማ እኅቱ ዘንድ ነው እለው ጀመር። እንዲህ ስላልሁ ከማንም ጋር ስለ እሱ ማውራት አልቻልሁም። እኅቱ ዘንድ ስላለ ልጅ ማን ይጨነቃል?

መስከረም አንድ ደረሰ። ሁለት ሺህ የገባበት ዓመት ነበርና ሬዲዮው ሚሊኒየም እያለ ሲጨፍር ነበር የከረመው። ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቴ ልጅ «ዮሐንስ ገባ» ብላ ጮኸች። በእጄ የያዝሁትን ትቼ ወጣሁ። ደጁ ላይ አደይ የያዙ ልጃገረዶች ቆመው ነበር። ልጅቷ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ምንም አልሁ፤ ደህና ነኝ።

ቀየት ስደርስ ባለ ሱቁ በዓል ነውና ዘግቶ ወላጆቹ ዘንድ ሄዷል። ከሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጬ በሳንቃው ስንጥቅ በኩል ስልኩ ይጮህ እንደሆነ አዳመጥሁ። ያገኘኝ ሁሉ እንኳን ለዮሐንስ አደረሰሽ ይለኛል፤ እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ። አንድ ሰው ባለ ሱቁ ዛሬ አይከፍትም ብሎ ሊመክረኝ ሞከረ። ጥቂት ላርፍ ነው አልሁት። ውስጥ ምንም አልጮኸም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርሁ፤ ለእሳቸው አልዋሽም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጠየቁኝ።

«በዮሐንስ ነው ያለሽ? ዕለቱን ነው ወይስ ዘመኑን?»

እንዴት አልሁ። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ተራ በተራ እንደሚጠሩ አውቃለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን አላሰብሁትም። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። ትናንት የገባው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ልጁ በዮሐንስ ሲል ዓመቱን ማለቱ ከሆነ ገና መጀመሩ ነው አሉኝ። አሁን ሳስበው ያን ያሉት ሊያጽናኑኝ ይመስለኛል። ያን ቀን ግን ዓመት ሙሉ የተሰጠኝ ያህል ቀለለኝ፤ መንገዱን ወደ ቤት እየሮጥሁ የወረድሁ ይመስለኛል።

ዓመቱ ረጅም ነበር። ጥቅምት ላይ ውርጭ ገብሱን መታው። እኔ ብቻዬን ለምበላው እንጀራ ብዙም አልተጨነቅሁም። ለሴፍቲኔት ሥራ እርከን ስንሠራ ሴቶቹ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ እኔ ድንጋይ አቀብላለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ አለች ሲባል ፈትል ልሸጥ ነው ብዬ ሄጄ አገኘኋት። ዮሐንስ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ ወይ ስላት አሳዘንኋት መሰለኝ፣ አገሩ ሰፊ ነው እማማ አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም። እቤቴ ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ እየፈተልሁ እነዚያን የአስተማሪውን ስሞች እላቸዋለሁ። ጆን፣ ጆቫኒ፣ ዣን። የት እንዳለ ካላወቅሁ በየትኛው እንደሚጠራ በምን አውቃለሁ? ከእነሱ ውስጥ የዓረቦቹ አጠራር አልነበረም። አስተማሪው አላነሣውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጳጉሜን አለፈች። ዘመነ ማቴዎስ ገባ። ንስሐ አባቴን ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ያልፉ ነበር።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ጨው ልገዛ ሱቁ ገባሁ። ባለ ሱቁ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሰው ከብቦት ይስቃል። ስልክ ተደውሎለት ያነሣዋል። ማዶ ያለው ሰው የማንን እናት ጥራልኝ ይለዋል? የያህያን እናት።

በእኛ አነጋገር ያህያ ማለት የአህያ ማለት ነው፤ ያህያ ጭነት፣ ያህያ መንገድ እንደምንለው።

«ያህያ እናትማ ገብስ ጭና ገበያ ወርዳለች አልኩት» አለ ባለ ሱቁ። «ስትመጣ ማን ደወለልሽ ልበላት ብለው ዘጋብኝ።»

«ስልክ ያልያዝነው እኛ ብቻ ቀረን በላ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው ከዚያ በፊትም ደውሎ እንዲሁ ሲል እንደ ነበር፣ በመጨረሻው ግን ተቆጥቶ እንደ ተሳደበ ባለ ሱቁ ጨመረበት። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ፈገግ አልሁ፤ ጨዬን ይዤ ወጣሁ። ጨዋታው ከተማዋን አዳረሳት። በሚቀጥለው ገበያ ተሸካሚዎቹ እርስ በርሳቸው «ያህያ እናት ስልክ ትፈለጊያለሽ» ይባባሉ ነበር።

ገበያ ላይ ፈትሌን ይዤ ስቀመጥ ዘወትር አጠገቤ የምትሆን አንዲት ሴት ነበረች። እስላም ናት፤ ከገደሉ ሥር ካለች የቆላ ከተማ በርበሬና ብርቱካን ይዛ ትመጣለች። ዕድሜያችን እኩል ነው። እኅትዬ ትለኛለች፣ እኅትዬ እላታለሁ። ስለ ልጄ ግን ለእሷም ዓለም ከተማ ነው ብያት ነበር። ያን ቀን ተሸካሚዎቹ ሲሰዳደቡ ሰምታ ምን ማለታቸው ነው አለችኝ። የባለ ሱቁን ጨዋታ ነገርኋት። አልሳቀችም።

«ያህያ እኮ የሰው ስም ነው» አለች። «የታላቅ ወንድሜ ልጅ ያህያ ነው።»

አፈርሁ። ስማችሁን ለመንቀፍ አይደለም፣ አላወቅሁም ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም በርበሬውን በስፍር እያስተካከለች እንደ ዋዛ መለሰችልኝ።

«ምን ይቅርታ አለው፣ እናንተም አላችሁ እኮ። የነቢዩ ዘከሪያ ልጅ፣ አባቱ ካረጀ ወዲያ የወለደው። ዮሐንስ የምትሉት።»

እንዝርቴ ከእጄ አምልጦ እየተሽከረከረ በርበሬው ላይ ወደቀ። ፈትሉ ቀላ። እሷ ያልሰማኋት መስሏት ደገመችልኝ፤ ዮሐንስ፣ ያህያ፣ አንድ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ የፊደሎቹን ነገር በሐሳቤ አገላበጥሁ። ራሱ አለ፤ ያ «ሐ»ም መካከሉ ላይ ቁጭ ብሏል። የጎደለው ጅራቱ ነው።

ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኋት፤ ዓለም ከተማ እንዳልሆነ፣ ባሕር እንደ ተሻገረ። እጄን ያዘችኝ። በእነሱ ከተማ የሚያልፉትን ልጆች ታውቃቸዋለች። መንገድ ላይ ስማቸውን ይቀይራሉ። ዮሴፍ የነበረው ዩሱፍ ይሆናል፣ ዳዊት ዳውድ፣ ኤልያስ ኢልያስ። እዚያ ሲደርሱ ሰው አፍ ላይ እንዲቀልል፣ ሥራም እንዲገኝ ነው። ስሙን የቀየረ ሁሉ ልቡን ቀየረ ማለት አይደለም አለችኝ። እኔ ዓይኗን አየሁት። እሷም አልሸሸገችኝም፤ «የሚቀይርም አለ፣ እኅትዬ» አለች።

ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ ያዘኝ። የደወለው ለእኔ ልጅ ካልሆነ ዮሐንስ ጠፍቷል። ለእኔ ልጅ ከሆነ ደግሞ በሕይወት አለ፣ ግን የተመለሰልኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ከሁለቱ የመጀመሪያውን ነበር አብልጬ የፈራሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማንም ይሁን ብቻ ይኑር አልሁ።

ከገበያው በቀጥታ ሱቁ ሄድሁ። ባለ ሱቁ ስነግረው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን አንሥቶ ቁልፎቹን ነካካ። የደወለው ሰው ቁጥር በሌሎች ተሸፍኖ ጠፍቷል፤ ስልኩ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ልንደውልለት አንችልም። ተሳድቦ የዘጋ ሰው ደግሞ ይደውላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠልኝ።

እዚያ ሣጥን ላይ ከረምሁ ማለት ይቻላል። ጠዋት የቤቴን ጣጣ ጨርሼ፣ ጠጉሬንና እንዝርቴን ይዤ እመጣለሁ። ገብሴን ጎረቤት አጨደልኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንዝርቱን አቆማለሁ። ለሌላ ሰው ነው። የአንዷ ልጅ አዲስ አበባ ወልዳለች፤ የአንዱ ወንድም ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኝቷል፤ አንዱ በሬ ይሸጥ ይላል። የሰውን ሁሉ ወሬ ሰማሁ። ደዋዩ የሚፈልገው ሰው በሌለበት ጊዜ ባለ ሱቁ እኔን ይልከኝ ጀመር፤ ሄጄ እጠራለሁ፣ እየሮጥሁ እመለሳለሁ፣ እስክመለስ ሌላ ስልክ መጥቶ ይሆን እያልሁ። አንዳንዱ ሰው «እትዬ ሱቅ ተቀጠሩ እንዴ» ይለኛል። አንዳንዱ ከወጣ በኋላ ቀስ ብሎ የሚለውንም እሰማለሁ። ጆሮዬ ያን ሰሞን ሁሉን ይሰማ ነበር።

የመጣው በገበያ ቀን ነው። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ባለ ሱቁ ሄሎ አለ፤ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ።

የማላውቀው የወጣት ድምፅ ነው፤ አነጋገሩ የወሎ ነው። እንደ በፊቱ የምትቀልዱ ከሆነ ዳግመኛ አልደውልም፣ የምፈልገው የያህያን እናት ነው ይላል። ያን ስም እስከዚያ ቀን በልቤ እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልሁት። «የያህያ እናት ነኝ።»

ከኋላዬ ነገሩን የማያውቅ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ዝም አሰኙት። ልጁ ማዶ ሆኖ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ይጠብቁ፣ አጠገቤ ነው አለኝ። ኮሽታ ሰማሁ፤ ንፋስም ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«እማዬ።»

ምን ምን እንደ ተናገርን ሁሉን አላስታውስም። ከከተማ ርቆ የአንድ ሰው ፍየሎችና ግመሎች ይጠብቃል። የራሱ ስልክ የለውም፤ ያ የወሎ ልጅ ነው ከተማ ሲገባ የሚደውልለት፤ ያን ቀን ግን ስልኩን ይዞለት መጥቶ ነበር። የተዋወቁት እዚያ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፤ ያህያ እንጂ ሌላ ስሙን አያውቀውም። ዮሐንስ ብሎ ሲነግራቸው አሠሪው ሊለው ስላልቻለ ያህያ አለው፣ በዚያው ቀረ። ይህን ሲነግረኝ በሩቅ አንድ ሰው ያህያ ብሎ ጠራው። ልጄ በእነሱ ቋንቋ ወዲያው አቤት አለ። እኔ ስጠራው እንዲህ ፈጥኖ አቤት ብሎኝ አያውቅም።

ጤናውን ጠየቅሁት። ምን እንደሚበላ፣ ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ጫማ እንዳለው ጠየቅሁት። ዋናውን ግን መጠየቅ አልቻልሁም። ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ደግሞም መልሱን ፈራሁ። ስለዚህ ነቢያት መግባቱን ታውቃለህ ወይ አልሁት፤ የገና ጾም ነው። 

«እማዬ» አለ። «የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

የክርስትና ስም በእኛ ዘንድ እንደ ዓለሙ ስም በአደባባይ አይጠራም። ካህኑ ያውቀዋል፣ ያነሣው የክርስትና አባት ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች። መተት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው ይባላልና እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ጠባቂ ነበርሁ፤ ልጄን ያጠመቁት ካህንና የክርስትና አባቱ ካረፉ ወዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሕፃን ሳለ ሲቆርብ ለካህኑ ጆሮ ጠጋ ብዬ የምናገርለት እኔ ነኝ። ካደገ በኋላ መቁረብ ተወ፤ ስሙንም ረሳው።

«ለምን ፈለግኸው?» አልሁት።

«አብሮን የነበረ የመርሐቤቴ ልጅ ሞተ። ፍትሐት እንዲደረግለት አገር ቤት እንላክ ብንል የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ጠፋ።»

መልሴን አገኘሁ። ልቡ አልተቀየረም። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ለምን እንደሚጠይቀኝ ገባኝ፤ በሣጥኑ ላይ ተቀመጥሁ። ነጠላዬን በስልኩና በፊቴ ላይ ሸፍኜ ስሙን በሹክሹክታ ነገርሁት።

አልሰማሁሽም አለኝ። ደገምሁት። ንፋሱ ይጮህ ነበር።

«እማዬ፣ አይሰማኝም። ጮክ በይ።»

ነጠላውን ገለጥሁት። ባለ ሱቁ አለ። ዘይት የሚገዙ፣ ላምባ የያዙ፣ ከረጢት የተሸከሙ ሰዎች አሉ። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹን አላውቃቸውም። ማናቸውም አይንቀሳቀሱም። ቆምሁና ጮኼ ተናገርሁት። በሕይወቴ ለቅሶ ላይ ካልሆነ በቀር እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ማዶ ሆኖ አለው። አንዲት ፊደል አሳሳተ። አረምሁት፤ እንደገና አለው፣ ደህና አድርጎ፣ ቀስ ብሎ። ሌላ ነገር ልጨምር ስል መስመሩ ተቋረጠ። ባለ ሱቁ መጥቶ እስኪቀበለኝ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።

ዮሐንስ አሁንም እዚያው ነው። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ የሚመጣበትን ጊዜ ግን አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቀውም። እዚያ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የክርስትና ስሙን እስካሁን ያውቁታል። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እፈራቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ግን አንሥተውብኝ አያውቁም። ደግሞ እወዳቸዋለሁ። እኔ ድንገት ብሞት በዚህ አገር ለፍትሐት በዚያ ስም ሊያስጠሩት የሚችሉት እነሱ ናቸው።